አንድ እጅ በኪስ

ጋሽ ወንድይፍራው መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሰነበቱ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ለአንድ ሠርግ ጊታር ልመታ ሄጄ መንገዱ ተዘጋብኝ፤ ስልኩም ከሞላሌ ጋር አላገናኝ አለኝና ዘመድ ቤት ተጠግቼ የሰው ፊት እያየሁ ከረምኩ። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ የአገሬን ልጅ፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ የሚሠራውን አበራን አገኘሁትና ደህንነት እንኳ በወጉ ሳንጠያየቅ፣ ጋሽ ወንድዬን ኤሌክትሪክ ገደላቸው አለኝ። ሳቅሁ። ደንግጦ አየኝ። የሳቅሁት ክፉ ሆኜ አይደለም። ሞላሌ ውስጥ ማንም ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ሊሞት ይችላል፤ ሽቦው እንደሆነ ከአጥር አጥር ተንጠልጥሎ የሚውል ነው። እሳቸው ግን በዚህ አይሞቱም ብዬ ነው። በብርድ፣ በጨጓራ፣ በተባራሪ ጥይት ሞቱ ቢለኝ ወዲያው አምነው ነበር።

እንዲህ ያሰብኩበትን ምክንያት ለማስረዳት ስለ ግራ እጃቸው ማውራት አለብኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ሞላሌ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ቤት ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ የቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ፣ በኋላ በኋላ ደግሞ የሞባይል ቻርጀር እየጠገኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሆዱ የተከፈተ ዕቃ ሲነኩ ግራ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገድ ላይ የሚያገኘው ልብን ነው፤ አንደኛው እጅ ኪስ ውስጥ ከዋለ ግን መውጫ ያጣል። መነሻው ይህ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን እጁ ራሱ ኪሱን ለመደና መንገድ ሲሄዱም፣ ሲያወሩም፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡም እዚያው ሆነ። ኪሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ከተማው ሁሉ የየራሱን ይገምት ነበር። አንድ ጊዜ የደብሩ አስተዳዳሪ መስቀል እያሳለሙ፣ "ወንድይፍራው፣ ቤተ መቅደስ ድረስ እጅህን ኪስህ ከተህ የምትመጣው ምን ደብቀህ ነው?" ብለው ተቆጧቸው። ጋሽ ወንድዬ እጃቸውን ሳያወጡ "ለልቤ ብዬ ነው አባ" አሏቸው። ቄሱ ነገሩ መንፈሳዊ መስሏቸው ባረኳቸው።

በዚያ ላይ የሚሠሩት ደረቅ አጎዛ ላይ ቆመው ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ከጎማ ጫማ ይበልጣል ይሉ ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የሶኬቱ ነገር ነው። የሚሠሩትን ዕቃ ሶኬት ከግድግዳው ይነቅሉና ገመዱን እንደ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙታል። "ሶኬቱ እኔ ጋ ካለ ሞቱ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል" ይላሉ። ዕቃ ሊያስጠግን መጥቶ ቶሎ በሉ የሚላቸውን ሰው ደግሞ ቀና ብለው ሳያዩት ውጭ ቆሞ እንዲቸኩል ይነግሩታል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው በኤሌክትሪክ ሞተ የተባልኩት።

እኔ ከእሳቸው ጋር የተወዳጀሁት በጊታሬ ምክንያት ነው። ሞላሌም ዘመሮም ቀየትም ሠርግ በተጠራሁበት ዳስ ሁሉ እየዞርኩ እመታለሁ፤ ጊታሬ ደህና ነው፣ አምፕሊፋየሬ ግን ትንሽ ዕቃ ስለነበረች ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚወረወር ነበር። ቅጥነቱ ለእኔው ለመቺው ያሳፍረኝ ጀመር። ድምፁን ወፍራም የሚያደርግ መላ ካላቸው ብዬ ተሸክሜያት ሄድኩ። ጋሽ ወንድዬ አምፕሊፋየሯን ከማየታቸው በፊት እኔን አዩኝና ማን ነው የሚሰማው ብለው ጠየቁኝ። ሠርገኛው ነዋ አልኳቸው። ሠርገኛማ አረቄ ከቀመሰ የወፍጮ ድምፅም ያስጨፍረዋል፣ ለእሱ ብለህ አትድከም አሉኝ። ዕቃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ስለ ሰሚው የመጠየቅ አባዜ ነበረባቸው። ለሽማግሌ ሬዲዮ ሲጠግኑ ሽማግሌው በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማ ሳይጠይቁ አይጀምሩም።

የእኔን ትንሿን ዕቃ ወደ ጥግ ገፋ አድርገው ከወደ ጓዳ በር አጠገብ በባና ብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ነገር ገለጡልኝ። በደርግ ጊዜ የአውራጃው የኪነት ቡድን የነበረ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ኪነቱ ሲፈርስ መጋዘን ተጥሎ ጣሪያው ሲያፈስበት ኖሮ፣ ሊጣል ሲል እሳቸው አነሱት። ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች አሉት። ሲያበሩት ወዲያው አይጮህም፤ ቫልቮቹ ቀስ እያሉ እስኪቀሉ መጠበቅ አለ። ጋሽ ወንድዬ ይህን ጠባዩን ይወዱለት ነበር፤ ከመናገሩ በፊት የሚሞቅ ዕቃ ይሉታል። በዚያ የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር መቺው እሳቸው ነበሩ። ዘፋኟ ደግሞ በኋላ ሚስታቸው የሆኑት እትዬ አስካለ ናቸው። ሁለቱ ያን ጊዜ የለመዱትን አልተዉም፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሰው ፊት አንተና አንቺ ሲባባሉ የሰማ ሁሉ ይገርመው ነበር።

እኔ ሳውቃቸው እትዬ አስካለ መዝፈን ትተዋል። ጆሯቸው ከድቷቸዋል። እንዴት እንደተጀመረ ጋሽ ወንድዬ ነግረውኛል። የማርያም ንግሥ ዕለት ታቦት ወጥቶ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ እትዬ አስካለ ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው ዘንድሮ ጸናጽሉን ለምን ተዉት ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወንድዬ ቀና ብለው ቢያዩ የካህናቱ ሁሉ ቀኝ እጅ ጸናጽል ይዞ እየተነቀነቀ ነው። ከበሮውን ይሰማሉ ማለት ነው፤ ጸናጽሉን አይሰሙም። ለእሷ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም አሉኝ፣ ብቻ ታቦቱ ገብቶ ሰው እስኪበተን ከበሮ መቺውን ሳይ ቆየሁ አሉ። ከዚያ ወዲያ ቀጭን ድምፅ ሁሉ ተራ በተራ ሄደ። ወፍ ሄደ፣ የስልክ ጥሪ ሄደ፣ የሕፃን ድምፅ ሄደ። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አላቸው። ለጆሯቸው የተሰጣቸው መሣሪያ ጩኸት ብቻ ሆነባቸውና አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ጣሉት። ጋሽ ወንድዬ ሲቀልዱ፣ አሁን ከእኔ የምትሰማው ንግግሬን ሳይሆን ሳሌን ነው ይሉ ነበር። ቀልዱ እሳቸውንም አያስቃቸውም።

አምፕሊፋየሬን ይዤ በሄድኩበት በዚያ ቀን ከፊቴ ቆመው የነገሩኝ ግን ቀልድ አልነበረም።

"ስንታየሁ፣ እኔ ለሠርገኛ አልሠራም" አሉኝ። "ለአስካለ ድሮ ያወጣሁላት የአምባሰል ዘፈን አለ። ከበሮውም ሳይጠፋባት እሱን አንድ ጊዜ ላሰማት ነው። ድምፁ ወፈር ካለ ትሰማዋለች። የእኔ ጣት ደርቋል፤ አንተ ትመታለህ።"

ጣታቸው እውነትም ደርቆ ነበር፤ የመንዝ ብርድ መገጣጠሚያቸውን ጨርሶታል። ካውያና ካቻቢቴ ይይዛል፣ የጊታር ክር ግን አይታዘዘውም። እሺ አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሠርግ የሌለኝን ቀን ሁሉ እዚያች ቤት ዋልኩ። ዘፈኑን እያንጎራጎሩ አስተማሩኝ፤ ድምፃቸው ለዘፈን አይሆንም፣ ግን የት ጋ እንደሚዘገይና የት ጋ እንደሚቸኩል በዓይናቸው ያሳዩኛል። ቸኮል ካልኩ አምፕሊፋየሩን ያጠፉብኛል።

ያ ዕቃ ድምፁ በአፍንጫ የሚያወራ ሰው ይመስል ነበር። ጋሽ ወንድዬ ከሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር በቀጭን ፒንሳ እየነኩ ጥፋተኛዋ ይቺ ናት አሉኝ። ድምፁን ከአንዱ ቫልቭ ወደ ሌላው የምታሻግር በር ናት። ወፍራም ድምፅ እንደ ተጫነ አህያ ነው፣ በጠባብ በር አያልፍም፤ ጭነቱን በር ላይ አራግፎ አህያው ብቻ ነው የሚገባው አሉ። በሩን አሰፉት። ቀጥሎ ከቫልቮቹ እግር ሥር ያሉትን ካፓሲተሮች ቀየሩ። ከዚያ ሳጥኑ ጠበበ አሉና ከቀየት መንገድ አንድ አናጢ አስጠርተው ከጽድ ሳንቃ ሌላ ሰፊ ሳጥን አሠሩለት። ክፍሉ በሙሉ ጽድ ጽድ ሸተተ። አንድ ነገር በለወጡ ቁጥር እኔ እመታለሁ፣ ጋሽ ወንድዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ጥቂት ያስቡና ገና ነው ብለው ካውያውን ይሰካሉ። በእኔ ጆሮ ከሁለተኛው ለውጥ ጀምሮ የሚያምር ድምፅ ነበር። ሠርግ ላይ ልውሰደው ብዬ ለምኛቸው አንድ ሁለቴ ፈቅደውልኛል፤ ሽማግሌ ሳይቀር ከዳሱ ጥግ እየተነሣ መጥቶ ሳጥኑን ይዳስሰው ነበር።

እትዬ አስካለ በየለውጡ ይጠራሉ። ከጓዳ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠራረጉ ይመጡና ከፊታችን ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ እጀምራለሁ። ዓይናቸውን ከጣቶቼ አይነቅሉም። ስጨርስ ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ ሰማሁ ወንድዬ፣ እንዴት ያምራል ብለው ተነሥተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ቀን እኔ በደስታ ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ወንድዬ ግን ዝም ብለው ሽቦ ያቃናሉ። ምነው ደስ አላለዎትም ብላቸው፣ ተረከዟን አላየህም አሉኝ። እትዬ አስካለ ድሮ መድረክ ላይ ሲዘፍኑ፣ ሙዚቃው ውስጣቸው ሲገባ የቀኝ እግራቸው ተረከዝ በራሱ ጊዜ መሬቱን ይመታ ነበር። የኪነቱ አለቃ የጓድ ዘፋኝ እግር እንዲህ አያደርግም ብሎ ስንት ጊዜ ገሥጿቸው ማቆም አልቻሉም። ከሰማችው ተረከዟ ይነግረኛል፣ አፏን ተወው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኔም ተረከዛቸውን ማየት ጀመርኩ። በሩ ሰፋ፣ ተረከዙ ዝም። ሳጥኑ ሰፋ፣ ተረከዙ ዝም። እትዬ አስካለ ግን ሁልጊዜ ሰማሁ ይላሉ፣ ሁልጊዜም ያምራል ይላሉ። የእኔ ጣት እየከበደኝ መጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ጋሽ ወንድዬ አጎዛቸው ላይ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠውበት አገኘኋቸው። ካውያው ቀዝቅዟል። ምን ሆኑ አልኳቸው። ጠዋት እትዬ አስካለን ጠርተው፣ ጊታሩን ራሳቸው አንሥተው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዘግተው በዚያ በደረቀ ጣታቸው ዝም ብለው ክሩን ዳሰሱት። ምንም ድምፅ የለም። እትዬ አስካለ የጣታቸውን መቆም ጠብቀው ፈገግ አሉ።

"ሰማሁ አለችኝ" አሉ ጋሽ ወንድዬ። "ዛሬስ ከሁሉም ቀን በለጠ አለችኝ።"

ሊተዉት እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር መሰለኝ፤ አይ አሉኝ። እኔ እንዳይደክመኝ ብላ ነው የምትዋሸኝ፣ እኔ ደግሞ እሷ እንዳትዋሽ ብዬ ነው የምደክመው አሉ። ያን ዕለት ብቻ ነው ሁለቱም እጃቸው ከኪስ ወጥቶ ጉልበታቸው ላይ ያየሁት። የግራ እጃቸው ከቀኙ የነጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ጎተራ የሚሉትን ነው። አምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅምባቸው ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉት። ወፍራም ድምፅ ብዙ ይበላል፤ ጎተራው ትንሽ ከሆነ ዜማው መሃል ላይ ይደክመዋል ይሉ ነበር። ከሞቱ ቴሌቪዥኖችና ከአሮጌ ሬዲዮኖች ሆድ ትልልቆቹን እየነቀሉ፣ በቴስተር እየለኩ፣ የሚሻሉትን መርጠው ደርድረው በየዷቸው። የዚህ ጎተራ ጣጣው መብራት ከጠፋም፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ የያዘውን ይዞ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ከመንካታቸው በፊት አንዲት ጫፏ የተላጠች ሽቦ ከነሬዚስተሯ ያስነኩታል፤ ጠቅ ትላለች፣ ጎተራው ይራገፋል። እጄን ወደዚያ ካስጠጋሁ በካቻቢቴው እጀታ ጣቴን ይመቱኝ ነበር።

ጊዜው እየከፋ ነበር። ሠርግ ቀረ፤ የሚያገባ ቢኖርም ያለ ዘፈን ነው የሚያገባው፣ ከዘፈነም ቤቱን ዘግቶ ነው። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። መብራት አንዴ ከሄደ ሳምንት ይቆያል፣ ሲመጣም አንዳንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እኛ ሠፈር መብራት ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ መጣ ብለው ስለሚጮኹ ሰው በጩኸቱ ነው የሚያውቀው። እትዬ አስካለ ጩኸቱን አይሰሙም። ጋሽ ወንድዬ ለእሳቸው ብለው መብራት በሌለ ጊዜ አምፕሊፋየሩን ሰክተው፣ ማብሪያውን ከፍተው፣ የኋላ ክዳኑን አንሥተው ይተዉታል። ቫልቮቹ ቀልተው ካዩ መብራት መጥቷል ማለት ነው፤ እትዬ አስካለ ሮጠው ማሰሮ ውኃቸውን ምድጃው ላይ ይጥዳሉ። እኔም ይህን እያየሁ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ። ያን ያህል የተለፋበት ዕቃ የመብራት ጠባቂ ሆነ ብዬ አፌዝ ነበር።

እኔ ለዚያ ለተረገመ ሠርግ ደብረ ብርሃን ስሄድ ጎተራው ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ የቀረው ትንሽ እምምም የሚል ድምፅ ማጥፋት ብቻ ነው። ስትመለስ እናሰማታለን አሉኝ። በቀኝ እጃቸው ጨበጡኝ፣ ግራው ኪሳቸው ነበር።

የሆነውን በኋላ በዝርዝር የነገረኝ ጎረቤታቸው፣ ፀጉር አስተካካዩ ደምሴ ነው። መብራት ከሄደ ሰንብቷል። በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ግን ብልጭ ብሎ ነበር፤ ልጆቹ መጣ ብለው ሳይጨርሱ ጠፋ። ጋሽ ወንድዬ ያኔ ቤት አልነበሩም፣ የሰው ቀብር ላይ ነበሩ። ቀብሩ ደግሞ ከከተማው ራቅ ይላል። እትዬ አስካለም ገብስ ሊያስፈጩ በናፍጣ ወደሚሠራው ወፍጮ ቤት ሄደዋል። ጋሽ ወንድዬ ሲመለሱ ደምሴን በሩ ላይ አገኙትና ያው መብራት የለም አይደል ብለው ጠየቁት። የለም አላቸው። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት የለም። ገቡ። እትዬ አስካለ ከወፍጮ ሲመለሱ አጎዛው ላይ ወድቀው አገኟቸው። የአምፕሊፋየሩ ገመድ አንገታቸው ላይ እንደ ወትሮው ተጠምጥሟል፣ ሶኬቱ ደረታቸው ላይ ነው። ሬሳ ያጠበው ሰው ሳይቀር ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ በምን ሞቱ እያለ ይከራከር ነበር አሉ። አንዳንዱ ልባቸው ነው፣ አንዳንዱ መተት ነው አለ።

እኔ ደምሴን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁት። የተላጠችው ሽቦ የት ነበረች? ግድግዳው ላይ በምስማሯ ተንጠልጥላ። ግራ እጃቸውስ? ደምሴ፣ ሞባይል ይዞ ነበር፣ ባትሪው እንደበራ አለኝ። ሌላውን ራሴ ገጣጠምኩት። ቫልቮቹ ካልጋሉ ከጎተራው የሚበላ የለም። ብልጭ ብሎ የጠፋው መብራት ቫልቮቹን ሳያሞቅ ጎተራውን ሞልቶላቸው ሄዷል። እሳቸው ደግሞ መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው ብለው ሽቦዋን አላነሡም። የቤቱ መስኮት ጠባብ ስለሆነ መብራት በሌለ ጊዜ ባትሪ የሚይዙላቸው እትዬ አስካለ ነበሩ፤ እሳቸው ከሌሉ የሚይዘው እጅ ያው ከኪስ የሚወጣው ነው፤ እሱ የዕቃውን ብረት ሲነካ ኤሌክትሪኩ መውጫ አገኘ። ዕቃው ለምን ተሰክቶ እንደቆየ፣ ለማን ተብሎ እንደተሰካ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሌት ተቀን የሚያብከነክነኝ ግን እሱ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት የተጠነቀቀ ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ይሄዳል? ተናድጄባቸዋለሁ። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ለአርባቸው ደረስኩ። ተዝካሩ ቀጠን ያለ ነበር፤ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰው የቀረበለትን ቀማምሶ ጊዜው ስለማያመች በጊዜ ተበተነ። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው፣ ከስተው፣ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መስሎ ጠበቁኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ሥራ ቤቱ አስገቡኝ። አምፕሊፋየሩ ባናውን ለብሶ ቦታው ላይ ነው። ጓዳው ውስጥ አምፖል ሲበራ አዩና ወደ እሱ አመለከቱኝ።

"መብራት መጥቷል" አሉኝ፤ ድምፃቸው ራሳቸው ስለማይሰሙት ጮክ ያለ ነው። "ያቺን የእኔን ዘፈን ምታልኝ። ሰዎቹ እንጣለው ይሉኛል። ሳልሰማው አላስጥልም።"

መንካት ፈራሁ። ፍርሃቴን አዩት፣ ግን አልተዉኝም። አጎዛው ላይ ቆምኩ። የግራ እጄን ኪሴ ከተትኩና ሽቦዋን ከምስማሯ አውርጄ ጎተራውን አስነካሁት፤ ምንም ጠቅ አላለም፣ የያዘውን ለእሳቸው ሰጥቶ ጨርሷል። የኋላውን ክዳን በብሎኑ አጥብቄ ዘጋሁ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ። በክዳኑ ቀዳዳ ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ሲቀሉ እያየን ጠበቅን። እምምም የሚለው ድምፅ አሁንም አለ። ያን ሊያጠፉ ነበር እጃቸውን ያስገቡት።

እትዬ አስካለ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ። ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ አበላሸሁት፣ ከዚያ ግን ዜማው ራሱ ያዘኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከጊታሬ ወጥቶ አያውቅም። ከጽድ ሳጥኑ እየተነሣ ወለሉን ሞልቶ፣ የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ፣ አንዴም ሳይደክም ወጣ። ቀና ስል እትዬ አስካለ ጣቶቼን እያዩ አልነበረም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንባቸው ይወርዳል። በቀሚሳቸው ጠርዝ ሥር የቀኝ እግራቸው ተረከዝ መሬቱን ይመታል።

መቀጠል አቃተኝ። ዘፈኑ መሃል ላይ ክሩን በመዳፌ ያዝኩት። ተረከዙም ቀጥ አለ።

"ለምን አቆምክ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

እንደምንም እስከ መጨረሻው መታሁላቸው። ተረከዛቸው አንድም ቦታ አልሳተም፤ የሚዘገይበት ጋ ዘገየ፣ የሚቸኩልበት ጋ ቸኮለ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው አጎዛውን፣ እኔን ሳይሆን አጎዛውን፣ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ሳይሰማኝ ሰማሁ እለው ነበር" አሉ። "አሁን ስሰማ ለማን ልበል?"

ብመልስም ድምፄ ቀጭን ነው፣ አይሰሙኝም። ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ በቀኜ አጠፋሁት።